የጠገበ ከሰል

በቡርቃ ጨፌ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንደምን አደርክ» መባባል ከቀረ ቆይቷል። «ወረቀታችሁ እንዴት አደረ?» ነው የሚባለው። መልሱም «ነጭ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። በየማለዳው ከየቤቱ አንድ ሰው ከጀሪካኑ ጥቂት ውሃ በብርጭቆ ይቀዳል፤ ጣት የምታክል ወረቀት ይነክርበታል፤ ከዚያ ቆሞ ይጠብቃል። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ከቆየ ውሃው ይጠጣል። ወይን ጠጅ መልክ ካወጣ ማንም አይነካውም። ቢያንስ አይነካውም ይባላል።

ከላይ በኩል የነበሩት ቆዳ ፋብሪካዎች የተዘጉት ሽታዬ ሳትወለድ ነው። ሕንጻዎቹ የሌሊት ወፍ መኖሪያ ሆነዋል። የወንዙ ደለል ግን የጠጣውን መርዝ እስከዛሬ ይመልሳል፤ የጉድጓዱም ውሃ ከወንዙ የተሻለ አይደለም። ሽታዬ ሃምሳ ዓመት ሆኗታል፤ በዕድሜዋ አንድም ቀን ጎንበስ ብላ ከአዋሽ አልጠጣችም።

ውሃውን ነጭ የሚያደርገው ከሰል ነው። ከሰሉ የሚሠራው ከተክል ትራፊ ነው። ገለባው፣ የበቆሎው ቆረቆንዳ፣ የሙዙ ልጣጭ፣ የቡናው ገለፈት ሁሉ በተዘጋ በርሜል ውስጥ አየር ሳያገኝ ይከስላል፤ ታጥቦ ይፈጫል፤ ከዚያ በማጣሪያ ቤቱ ታንከሮች ውስጥ ይሞላል። ከወንዙ የተሳበው ውሃ በመሃሉ ሲያልፍ ከሰሉ መርዙን ይበላለታል። ግን ከሰልም ይጠግባል። የጠገበ ከሰል ለምንም አይሆንም፤ ከከተማው ውጪ በታጠረ ጉድጓድ ይቀበርና በሌላ ይተካል። ሌላው ከየት እንደሚመጣ ማሰብ ነው የከተማው ኑሮ።

መጀመሪያ ዛፍ አለቀ። ቀጥሎ የሣር ክዳን ቤቶች ክዳናቸው ተገፈፈ። አሁን ለሠርግ የተጠራ ሰው አንድ እስር ገለባ ይዞ ይሄዳል፤ ለቅሶ ቤትም እንዲሁ። ሬሳ በሰሌን አይጠቀለልም፤ ሰሌኑ ይከስላል። የሆሳዕና ዘንባባ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይመለሳል። ልጣጭ ሰብሳቢው ዓርብ ዓርብ ጆንያውን ይዞ በየጓዳው ይገባል፤ ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅሎ የበላ ቤት በሰፈሩ ይታማል። ሽታዬ የእናቷን ሰፌዶች በገዛ እጇ አስረክባለች። ያን ቀን አላለቀሰችም። በሬዎቿ በተወሰዱ ቀን ግን አልቅሳለች፤ ገለባ ለከብት ማብላት ሲከለከል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እርሻዋን የምታርሰው በዶማ ነው።

እርሻዋ ከኮረብታው ሥር፣ ከወንዙ ራቅ ያለ ነው። ድሮ ረግረግ የነበረ መሬት ስለሆነ ክረምቱ የሚሰጠውን ጥቂት ዝናብ ይዞ ይቆያል። በዚያ ዓመት የሌላው ሰው ማሳ ገና በነሐሴ ሲደርቅ የሽታዬ ማሽላ ከሰው በላይ አድጎ ቆመ። ሰዎች እሁድ እሁድ ሊያዩት ይመጡ ነበር። ዳር ላይ ይቆማሉ፣ ንፋሱ ቅጠሉን ሲያንሿሿው ያዳምጣሉ፣ ይሄዳሉ።

በጥቅምት የቡና ገለፈት የሚያመጡት መኪናዎች ቀሩ።

የሽታዬ ልጅ የሲፈን ባል ገመዳ ከነዚያ መኪናዎች በአንዱ ረዳት ነበር። ነገሩን ሊያጣራ ሄዶ ከመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ደወለ። የላይኛዎቹ ከተሞች ገለፈቱን ለራሳቸው ማስቀረት ጀምረዋል፤ የነሱም ወንዝ ተበላሽቷል፤ በየኬላው መሣሪያ የያዘ ሰው ቆሟል አለ። «እመለሳለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም። ሲፈን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

አንድ ማለዳ ሲፈን ከጓዳ ተጣራች።

«እማ፣ ነይ እስቲ ይሄን እይው።»

ሽታዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ሲፈን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ይዛለች። ጫፉ ላይ የሆነ ነገር አለ፣ የከንፈር ያህል ቀላ ያለ።

«ጥላ ነው» አለች ሽታዬ።

«ጥላ አይደለም።»

«ሌላ ንከሪ።»

ሌላ ነከረች። ሁለቱም ጠበቁ። ሁለተኛውም ቀላ። ሽታዬ ብርጭቆውን ከልጇ እጅ ተቀብላ ደጅ ደፋችው። የደፋችበትን መሬት በእግሯ አፈር መለሰችበት፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረገች አታውቅም።

ማጣሪያ ቤቱ ጋ ስትደርስ ሰው ሞልቷል። የማጣሪያው ኃላፊ ኩምሳ በሩ ላይ ቆሟል። ያደገው ከሽታዬ ጎረቤት ነው፤ ልጅ እያለ በበሬዎቿ ጀርባ ላይ ይጫወት ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው።

«ከሰሉ ጠግቧል» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የሚተካ የለንም። የመጨረሻውን ጆንያ የጨመርነው ከትናንት በስቲያ ነው። ዛሬ ቀላ ብሏል፣ ነገ ይጠቁራል። አልዋሻችሁም።»

«እና ምን እንጠጣ?» አለ አንዱ።

የኩምሳ ዓይን ከሰው መሃል ሽታዬን ፈልጎ አገኛት፤ ወዲያው መሬት አየ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም አንድ በአንድ ወደ እሷ ዞሩ። ማንም የማሽላውን ስም አልጠራም።

«አይሆንም» አለች ሽታዬ ሳይጠይቋት።

«እትዬ ሽታዬ» አለ ኩምሳ፣ «አገዳው እርጥብ ቢሆንም እናደርቀዋለን። የዚያ ሁሉ ማሳ ከሰል እስከ ጥር ያቆየናል። እስከ ጥር ደግሞ መኪናዎቹ...»

«ፍሬው ገና ወተት ነው! ጥቂት ሳምንታት ታገሱኝ፤ እህሉ ይድረስልኝ፣ አገዳውን እስከ ሥሩ ውሰዱት። እኔ ራሴ ተሸክሜ አመጣላችኋለሁ። አሁን ካጨዳችሁት ግን ምን ልትበሉ ነው? ለከርሞስ ምን ልንዘራ ነው? በዚህ ከተማ ሌላ ዘር ያለው ሰው አለ? ካለ እጁን ያውጣ።»

እጁን ያወጣ የለም።

«እኔም አውቃለሁ» አለ ኩምሳ። «ውሃው ግን አይታገሰንም።»

ብርዛፍ የምትባል ሴት ከኋላ መጣች። ቤቷ ከሽታዬ ቤት ፊት ለፊት ነው። ባለፈው ዓመት ማጣሪያው ሲበላሽ የአራት ዓመት ልጇን ቀብራለች። ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ስለዚህ ሁሉም ለመስማት ተጠጋ።

«ሽታዬ፣ ልጄ የሞተው በረሃብ አይደለም። በረሃብ ቢሆን እህል የሚል ቃል በመጨረሻው ሰዓት ከአፉ ይወጣ ነበር። እሱ ውሃ ነበር የሚለው። ያለኝን ሰጠሁት። የሰጠሁት ገደለው።»

ሽታዬ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ማሳዋ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ዳር ላይ ተቀምጣ ዋለች። አንዱን የማሽላ ራስ ጎንበስ አድርጋ ፍሬውን በጥፍሯ ጫን ስታደርግ ነጭ ወተት ጣቷ ላይ ፈሰሰ። በሐሳቧ ማሳውን ከፋፈለችው፤ ግማሹን ላጭድ፣ ግማሹን ላቆይ አለች። ግን ግማሹ ለማጣሪያው እንደማይበቃ፣ ሰውም የቆመውን ግማሽ እያየ እንደማይታገስ ታውቃለች። ቅጠሉን ብቻ ልግፈፍ አለች፤ ቅጠሉ ከተገፈፈ ፍሬው አይሞላም። በየትም በኩል ስትዞር ያው ቦታ ነበር የምትደርሰው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ቤት ተመለሰች። ሲፈን ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋለች። ጣሳው ከጎኗ ባዶውን ተቀምጧል። የጀሪካኑ ክዳን ተከፍቷል።

«ሲፉ» አለች ሽታዬ። «ምን አደረግሽ?»

ሲፈን እንደ ሕፃን አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ጠማኝ እማ። ከጠዋት ጀምሮ ጠማኝ። እሱም ሆዴ ውስጥ መንቀሳቀሱን ተወ፤ ውሃ ቢያገኝ ይነቃል ብዬ ነው።»

«ስንት ጠጣሽ?»

«ጣሳውን። ሁለት ጊዜ።» እንባዋ መጣ። «በጣም ጥሩ ነበር፣ እማ። ቀዝቃዛ ነበር።»

ሽታዬ ልጇን አልተቆጣቻትም። አጠገቧ ተንበርክካ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች፤ ረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆየች። ልጁ አንድ ጊዜ ረገጠ። ሽታዬ ተነሣች፣ ከበሩ ኋላ ማጭዷን አወረደች፣ ወጣች። ብርዛፍ ደጅ ቆማ ነበር።

«ኩምሳን ጥሪው» አለቻት ሽታዬ። «ማጭድ ያለው ሁሉ ይምጣ።»

የመጀመሪያውን አገዳ ራሷ ቆረጠች። ከዚያ ሰዉ ገባ። ማንም አልዘፈነም፤ በአጨዳ ያለመዝፈን እንዴት ያለ ድምፅ እንዳለው ሽታዬ ያን ቀን ነው ያወቀችው። የማጭዱ ንክሻ፣ የሰው ትንፋሽ፣ የአገዳው መውደቅ ብቻ ነበር።

ራሶቹን ለብቻ እንዲያስቀምጡ ለምናቸው ነበር። ካደረቅነው ምናልባት ከመቶ አንዱ ይበቅልልናል፣ እሱ ለዘር ይሆነናል ብላ። መጀመሪያ ሰምተዋት አንድ ጥግ ላይ ቆለሉት። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሳይታወቀው አንዱን ራስ አንሥቶ ፍሬውን በመዳፉ ፈትጎ ወደ አፉ ወረወረ። ሌላው ተከተለው። አገዳውን ለማክሰል ማሳው ዳር በተተከሉት በርሜሎች ሥር እሳት ነበርና እሸቱን መጥበስ ጀመሩ። ብዙ ሰው ከመስከረም ጀምሮ በቀን አንዴ ነበር የሚበላው። ጣፋጩ ሽታ ማሳውን ሞላው። ልጆች ሣቁ። ከዚያ ትልልቆቹም ሣቁ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ እየተያዩ። ኩምሳ «ተዉ! ዘር ነው! ተዉ እንጂ!» እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጠ። ማንም አልሰማውም።

ብርዛፍ አንድ የተጠበሰ ራስ ይዛ ወደ ሽታዬ መጣች። ሽታዬ ክምሩ ሲያልቅ አየች። ከዚያ ተቀብላ በላች። ጣፋጭ ነበር። ከሁሉ ያሳፈራት እሱ ነው።

አገዳው በፀሐይና በበርሜሎቹ ትኩሳት ደርቆ ከሰለ። ኩምሳና ሰዎቹ ሳይተኙ ሠሩ። በመጨረሻ ታንከሮቹ ሞሉ፣ ወረቀቱም ነጭ ሆነ፤ ሰዎች በየመንገዱ እየተሳሳሙ «ነጭ ነው፣ ነጭ ነው» ተባባሉ። የማሳ ባለቤት ከማሳው ከሰል አንድ ጆንያ ይደርሰዋል የሚል ደንብ ከድሮ ጀምሮ ነበርና ኩምሳ የሽታዬን ድርሻ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ አመጣላት። በሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ሲፈን በታኅሣሥ ወለደች። ልጁ ትንሽ ነው፣ ቆዳው እዚህም እዚያም ተልጧል፤ ግን አለቀሰ፣ ጠባም። ስሙን ቢሊሱማ አለችው። ገመዳ ወንድ ከሆነ እንደዚያ ይባል ብሎ ነበር።

ያን ጊዜ በከተማው ንጹሕ ውሃ ነበር፤ የሚበላ ግን አልነበረም። ሰዎች ውሃ አፍልተው ጨው ጨምረው ይጠጡ ነበር። ልጣጭ ሰብሳቢው መዞሩን ተወ፤ ልጣጭ ያለው ቤት የለም። መጀመሪያ ጉልበት ያላቸው ሄዱ፣ ቀጥሎ ልጅ ያላቸው። ብርዛፍ አንድ ጠዋት በሯን ሳትዘጋ ሄደች። ኩምሳ ቀረ። «ማጣሪያውን ለማን ትቼ?» አለ ሽታዬ እንሂድ ብትለው። እሱም ከቀሩት ሽማግሌዎች ጋር ሲቆይ ጉንጩ ጎድጉዶ ነበር። የሲፈን ጡት መድረቅ ሲጀምር ሽታዬ የከሰሉን ጆንያ በገመድ አስራ በጀርባዋ አዘለች፤ ሲፈንም ልጇን አዘለች፤ ሽቅብ ወደ ላይኛው ከተማ ያለውን መንገድ ያዙ።

መንገዱ ላይ ከሰሉ አቆያቸው። ሥሩ በተበሳሳ ጣሳ ውስጥ አንድ እፍኝ ይጨምራሉ፣ ያገኙትን የኩሬ ውሃ ያንጠባጥቡበታል፣ ጠብታውን ይጠጣሉ። ሽታዬ እፍኟን ባነሣች ቁጥር ጆንያው ይቀልላታል፤ ለጀርባዋ መልካም ነበር፣ ለልቧ ግን አልነበረም። እየቆየች ለራሷ የኩሬውን ውሃ ሳታጣራ ትጠጣ ጀመር፣ ሲፈን ሳታይ።

ኬላው ኮረብታ ላይ ነው። ከሽቦ አጥሩ ወዲያ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ አንድ ትልቅ የውሃ ማማ፣ የሚጨስ እቶን ይታያል። ከአጥሩ ወዲህ ሜዳው በሰው ተሞልቷል፤ ተቀምጠው፣ ተጋድመው፣ ዝም ብለው። በሩ ላይ መሣሪያ የያዘ ወጣት አለ። ፊቱ ክፉ አይደለም፤ የደከመው ሰው ፊት ነው።

«ከሰል የያዘ በዚህ በኩል» አለ። ሽታዬ ጆንያዋን አወረደች። ወጣቱ እጁን ከቶ ቆነጠረ፣ በጣቶቹ አሸ፣ ወደ ብርሃን አየው።

«ከምንድን ነው?»

«ከማሽላ» አለች ሽታዬ። «ከእኔ ማሳ።»

«ጥሩ ከሰል ነው፣ እናቴ። ያልበላ ነው።» ጆንያውን በእጁ ከፍ አድርጎ መዘነው። «አንድ ጆንያ አንድ ሰው ያስገባል። ይሄ ሙሉ አይደለም። ግን ይሁን፤ አንድ ሰው።»

«እኛ ሁለት ነን።»

«ሦስት ናችሁ» አለ ወደ ሲፈን ጀርባ እያየ። «የሚጠጣ ሁሉ ይቆጠራል። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።»

ሽታዬ ወደ ሲፈን አላየችም። ካየቻት እንደምትሰበር ታውቃለች። ወደ ወጣቱ ጠጋ አለች።

«ልጄ፣ ስማኝ። ይህ ሕፃን ውሃ አይጠጣም። እናቱን ነው የሚጠጣው። እናቱ ከተቆጠረች እሱ በምን ይቆጠራል? ጀሪካን ሞልተህ ብትሰጠው አይነካውም። ጠይቅ፣ አለቃህን ጥራው፣ ተሳስታለች ካለ መልሰን።»

ወጣቱ ሕፃኑን አየ። ከዚያ ወደ ኋላው፣ ወደ ጥበቃው ቤት አየ። ማንም አልነበረም።

«ጡት እስኪተው ድረስ አይቆጠርም እንበል» አለ በመጨረሻ። «ቶሎ በይ፣ እህቴ። ግቢ።»

«እማ፣ አልሄድም» አለች ሲፈን።

«ትሄጃለሽ።»

«አብረን እንመለስ። ኩምሳ አለ፣ ማጣሪያው አለ...»

«ሲፈን።» ሽታዬ የልጇን ፊት በሁለት ጥቁር እጆቿ ያዘች፤ ስትለቃት ጉንጮቿ ላይ የጣት አሻራ ቀረ። «እዚያ የሚበላ የለም። እዚህ የሚጠጣ አለ። እኔ ሌላ ጆንያ ፈልጌ እመጣለሁ። አሁን ክርክር አታብዢብኝ፣ ሰውየው ሐሳቡን ሳይለውጥ ግቢ።»

ሌላ ጆንያ የትም እንደሌለ ሲፈን ታውቃለች። እናቷም እንደምታውቅ ታውቃለች። የእናቷን ነጠላ ይዛ ጎተተች፤ ሽታዬ አውልቃ በሕፃኑ ላይ ደረበችለት። ከዚያ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋም።

ሽታዬ ሽቦውን ይዛ ቆመች። አንዲት ሴት ከውሃ ማማው ሥር ለሲፈን በጣሳ ውሃ ስትሰጣት አየች። ሲፈን ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወረቀት ሳትነክር፣ እስከ ታች ጨለጠችው። ሴትዮዋ ደገመችላት። ሲፈን እሱንም ጠጣች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ ልጇን ወደ ፊት አዞረችና ጡቷን ሰጠችው። ልጁ ራሱን ሲያንቀሳቅስ ሽታዬ ከዚያ ርቀት ታየው ነበር፣ ወይም የምታየው መሰላት።

ወጣቱ መጥቶ «እናቴ፣ ከሽቦው ራቂ፣ አይፈቀድም» አላት። ራቀች።

ሜዳው ላይ ከተቀመጡት አጠገብ ሄዳ ቁጭ አለች። ጀርባዋ ቀልሏት ነበር፤ ለረጅም ጊዜ የተሸከመችው ነገር ስለሌለ ወደ ፊት የምትወድቅ ይመስላት ነበር። አጠገቧ በዕድሜ የምታክላት አንዲት ሴት ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ተቀምጣለች።

«ማንሽ ገባ?» አለቻት ሴትዮዋ።

«ልጄ። ከነልጇ።»

«ሁለት አስገባሽ?» ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። «ጎበዝ ነሽ።»

የሽታዬ ጉሮሮ ደርቆ ምራቅ መዋጥ አቃታት። ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

«ወንዙ በየት በኩል ነው?» አለቻት።

ሴትዮዋ ፊቷን ለአፍታ ተመለከተቻት። ከዚያ በአገጯ ወደ ቁልቁለቱ አመለከተቻት።